የቱቦው መጨረሻ የት ነው?

መንገድ ሲሠራ ደስ የማይለው ሰው የለም። አስፋልቱ ጠቍሮ ሲነጠፍ፥ የእግረኛው መሄጃ ሲሰፋ፥ መብራቱ ተርታውን ይዞ ሲቆም ያየ ሁሉ «አገር ለማ» ይላል። እኛም እንላለን። ነገር ግን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አይቶ ከመደሰት አልፎ መጠየቅም ይጠበቅበታልና፥ በዛሬው ጽሑፋችን ስለ ከተማችን መስቀለኛ መንገዶች አንድ ጥያቄ ለማቅረብ ተነሥተናል። ጥያቄው ለመሐንዲሶች ብቻ የሚተው አይደለም። በክረምት ጫማውን በእጁ ይዞ መንገድ የተሻገረ ሰው ሁሉ ያገባዋል።

አሳባችንን ከመጀመሪያው እንግለጸው። አንድ መስቀለኛ መንገድ ተሻሻለ ሊባል የሚገባው መጨናነቁንና ጎርፉን ከራሱ ላይ አንሥቶ በሚቀጥለው ሠፈር ላይ ሳይጭን ሲቀር ነው። መኪናን በፍጥነት አሳልፎ ሁለት መቶ ሜትር ወዲያ ማስቆም፥ ውሃንም በፍጥነት ሸኝቶ ከገደሉ ሥር ወዳለ ቤት ማስገባት፥ ችግርን ማዛወር እንጂ ችግርን ማጥፋት አይደለም።

እስቲ በመጀመሪያ የምንኖርበትን መሬት እንመልከት። ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ ወደ አምስት ኪሎ፥ ከዚያም ወደ አራት ኪሎ በእግሩ የሚወርድ ሰው፥ ቍጥሩ እያነሰ ሲሄድ መሬቱም አብሮ ዝቅ እንደሚል ያውቃል። ውሃውም የሚሄደው በዚሁ አቅጣጫ ነው። የእንጦጦ ራስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ ከተማው በደቡብ በኩል ወደ አቃቂ ሲደርስ ከፍታው ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ይወርዳል። በዚህ ቍልቍለት ላይ ቀበና፥ ግንፍሌ፥ ቀጨኔ፥ ባንተይቀጡና ሌሎችም ወንዞች ከሰሜን ወደ ደቡብ ይወርዳሉ፤ መድረሻቸውም አቃቂ ነው። በዓመት ከሚዘንበው ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ከሚጠጋው ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። ከተማችን በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈርም ቤተ መንግሥቱ ከእንጦጦ የወረደው የፍልውሃውን ምንጭ ተከትሎ እንደ ነበረ ታሪክ ይነግረናል። ስለዚህ አዲስ አበባ ከውሃ ጋር የተዋወቀችው ዛሬ አይደለም።

ልዩነቱ ያን ጊዜ ዝናቡ የሚያርፈው በሣርና በአፈር ላይ መሆኑ ነው። አፈር ውሃ ይጠጣል፤ አስፋልትና ሲሚንቶ ግን አይጠጡም። አንድ ሄክታር የሚያህል መስቀለኛ መንገድ እንውሰድና ሒሳቡን እንሥራው። በከባድ የክረምት ዝናብ በአንድ ሰዓት ውስጥ 50 ሚሊ ሜትር ቢወርድ፥ በዚያ አንድ ሄክታር ላይ ብቻ 500 ሜትር ኩብ ውሃ ይወርዳል። ይህም 25,000 ባለሃያ ሊትር ጄሪካን ማለት ነው። በየሴኮንዱ ሲካፈል ወደ ሰባት ጄሪካን ይሆናል።

ነገር ግን መስቀለኛ መንገድ የሚቀበለው በራሱ ላይ የዘነበውን ብቻ አይደለም። መንገዶች የሚገናኙበት ስፍራ የየመንገዱ ውሃም የሚገናኝበት ነው። ከበላዩ ያለው ሠፈር 20 ሄክታር ነው እንበል። ከዝናቡ ግማሹን አፈሩና አትክልቱ አስቀርተውት ግማሹ ብቻ ቢወርድ እንኳ፥ ወደ መስቀለኛው መንገድ የሚመጣው ውሃ በየሴኮንዱ ወደ 1,400 ሊትር ይደርሳል። ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ቱቦ፥ ውሃው በሴኮንድ ሁለት ሜትር እየሮጠበት፥ ሞልቶ የሚያሳልፈው 570 ሊትር ያህል ነው። የተረፈው በአስፋልቱ ላይ ይሄዳል። ቱቦው ደግሞ ግማሽ ድረስ በደለል፥ በፌስታልና በሃይላንድ ጠርሙስ የተሞላ እንደ ሆነ፥ የሚያሳልፈው ከ300 ሊትር ያንሳል። ይህን ሒሳብ ለመሥራት ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያለፈ ዕውቀት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው አስፋልቱ ከመነጠፉ በፊት መሥራት ነው።

ውሃው በአስፋልቱ ላይ ሲሄድ የሚያደርሰው ጉዳት ጫማ ማበስበስ ብቻ አይደለም። በስንጥቁ እየገባ ከሥር ያለውን ጠጠርና ገረጋንቲ ያላላዋል፤ ከዚያ በኋላ የከባድ መኪና ጎማ ሲረግጠው አስፋልቱ ይሰምጣል፥ ይቦረቦራልም። መስከረም ሲጠባ በየመንገዱ የምናየው ጉድጓድ አብዛኛው የተወለደው በዚህ ዐይነት ነው። ሹፌሩ ጉድጓዱን ለመሸሽ ወደ ጎን ይወጣል፤ ከኋላው ያለውም ይቆማል፤ ሦስት መስመር የነበረው መንገድ አንድ መስመር ይሆናል። ጎርፍና የመኪና መጨናነቅ ሁለት ችግሮች መስለው ቢታዩንም፥ በክረምት ወራት አንዱ የሌላው ልጅ ነው።

ከዚህም የከፋ አለ። አበው «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በድንገት የወረደው ዝናብ ባስከተለው ጎርፍ ሰባት ሰዎች ሞተዋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ድሬዳዋን ሲመታ የሞቱት ከ200 በላይ ናቸው። የድሬዳዋው ጎርፍ የተነሣው ከከተማው በላይ ባሉት ደጋዎች ላይ ከወረደው ዝናብ ነው። ከዚህ የምንማረው ከታች ያለ ሰው የሚሞተው ከላይ ባለ ውሃ መሆኑን ነው። ስለዚህ በላይኛው መስቀለኛ መንገድ ላይ የሚሠራ ሥራ ሁሉ ከታች የሚኖረውን ሰው ይመለከተዋል፤ ያ ሰው ግን ስለ ሥራው ተጠይቆ አያውቅም።

አሁን ወደ አራት ኪሎ እንመለስ። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ የሚወስደው መንገድ ታድሷል፤ የእግረኛው መሄጃ ሰፍቷል፤ ለብስክሌትም መሄጃ ወጥቶለታል። ለዚህም ሥራ ሲባል ብዙ ነዋሪዎች ከቆዩበት ሠፈር ተነሥተዋል። በጎውን በጎ ብለን እንመሰክራለን፤ በሰፊ የእግረኛ መንገድ ላይ መሄድ ምን ያህል ዕረፍት እንደሆነ የምናውቀው እኛው በእግራችን የምንሄደው ነን። የምንጠይቀው ግን አንድ ነገር አለ። በየመስቀለኛው መንገድ ከመሬት በታች የተዘረጋው ቱቦ መጨረሻው የት ነው? ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና በሚያወርደው መንገድ ላይ የሚዘንበው ውሃ ወደ ግንፍሌና ወደ ቀበና ወንዝ ይወርዳል። ቱቦው በሰፋ ቍጥር ውሃው ወደ ወንዙ የሚደርሰው ፈጥኖና በአንድ ጊዜ ነው። የወንዙ አፍ ግን አልሰፋም። በወንዙ ዳር ይኖሩ ከነበሩት ተነሥተው ሌላ ስፍራ የሄዱ አሉ፤ በየወንዙ ዳር ገና የቀሩም አሉ። ለእነዚህ ለቀሩት የላይኛው መንገድ መድረቅ የእነርሱ ቤት መጥለቅለቅ እንዳይሆን የታሰበው ምንድን ነው?

የመኪናውም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። ጎተራ ላይ ተደራራቢው ማሳለጫ ሲሠራ የከተማው ሰው «ኮንፊውዥን» ብሎ ስም አወጣለት። ስሙ ለቀልድ ቢወጣም ውስጡ ቁም ነገር አለው። ማሳለጫ መኪናን ከአንድ ስፍራ በፍጥነት ያሳልፋል፤ ዳሩ ግን የተሳለጠው መኪና ሁሉ ሄዶ የሚደርሰው ሌላ መስቀለኛ መንገድ ላይ ነው። ያኛው እንደ ቀድሞው ከሆነ ሰልፉ ስፍራውን ለወጠ እንጂ አላጠረም። አደባባይም ቢሆን መኪናው በመጠኑ ሲሆን ያለ መብራትና ያለ ትራፊክ ፖሊስ ራሱን በራሱ ያስተናብራል፤ ከአንዱ መውጫ የሚመለሰው ሰልፍ አደባባዩን የዘጋው ቀን ግን አራቱም አቅጣጫ በአንድ ጊዜ ይቆማል። ያን ጊዜ መድኃኒቱ አደባባዩን ማፍረስ ብቻ ነው ብሎ መደምደም መቸኰል ነው። መውጫውን የዘጋው ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። ብዙ ጊዜ የሚዘጋው በመስቀለኛው መንገድ አፍ ላይ ቆሞ «ሞልቷል፥ ሳበው!» እስኪባል ድረስ ሰው በሚጭን ሚኒባስ ነው። በዚህ ወያላውንና ሹፌሩን ብቻ አንወቅስም። ሰው የሚጠብቃቸው እዚያው አፉ ላይ ስለሆነና ሌላ መቆሚያ ስላልተበጀላቸው ነው።

ስለ መንገድ ስንናገር «ፍሰት» የሚለው ቃል ሁልጊዜ ስለ መኪና ይነገራል። ታዲያ በከተማችን መንገድ ላይ የሚፈሰው ማነው? በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሆነው በእግር የሚደረግ ነው። በመኪና አደጋ ከሚሞቱትም አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። በመብራት ላይ አረንጓዴው ለ30 ሴኮንድ ቢበራ፥ በአንድ መስመር በየሁለት ሴኮንዱ አንድ መኪና ያልፋልና 15 የቤት መኪናዎች ይሻገራሉ፤ በውስጣቸው ያለው ሰው ምናልባት ከሃያ ጥቂት ይበልጣል። በዚያው ሠላሳ ሴኮንድ፥ አንዱ አውቶቡስ የሦስት መኪና ያህል ስፍራ ይይዛል ብንል፥ አምስት አውቶቡሶች ሦስት መቶ ሰው ይዘው ያልፋሉ። አሮጊቷ ግን 20 ሜትር የሚሰፋውን መንገድ ለመሻገር በራሳቸው እርምጃ 25 ሴኮንድ ያስፈልጋቸዋል። ይህ ሃያ አምስት ሴኮንድ ከመብራቱ ሒሳብ ውስጥ ካልገባ መሐንዲሱ መኪናን እንጂ ሰውን አልቈጠረም።

በዚህ አሳባችን ላይ ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። የመጀመሪያው «ድሃ አገር ነን፤ ይህን ሁሉ በምን ገንዘብ?» የሚል ነው። እኛ ግን ድሃ ስለሆንን ነው የምንለው። ሀብታም አገር አንዱን መንገድ ሁለት ጊዜ ቢሠራው ይችለው ይሆናል፤ እኛ አንችልም። አስፋልት ተነጥፎ ካለቀ በኋላ ለቱቦ ተብሎ የሚቈፈር መንገድ በሁለት ዋጋ የተገዛ መንገድ ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚባለው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ «ጎርፍ የሦስት ወር ነገር ነው» የሚል ነው። ልብም እንዲሁ የሚቆመው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ቀሪውን ዘመን ሁሉ ሲመታ ስለኖረ ግን ጠባቂ አያስፈልገውም አይባልም። መንገድም የሚለካው ከሁሉ በከፋው ቀን እንጂ በጥቅምት ፀሐይ አይደለም።

ከነቀፋ ይልቅ አሳብ ማቅረብ ይሻላልና፥ የሚከተሉትን ለአንባብያን እናቀርባለን።

አንደኛ፥ መስቀለኛ መንገድ ሊታደስ ሲታሰብ ከመኪናው ቈጠራ ጋር የውሃው ሒሳብም አብሮ ይውጣ። ከየት ይመጣል? ስንት ነው? ወዴት ይሄዳል? በመጨረሻው ስፍራ ማን ይኖራል? ለእነዚህ ለአራቱ መልስ ያልተጻፈለት ፕላን አስፋልት ለመቍረጥ ፈቃድ አያግኝ።

ሁለተኛ፥ ውሃው ሁሉ ወዲያው ወደ ወንዝ ይሩጥ ማለት ይቅር። የተወሰነው እዚያው ይቆይ፥ ይስረግ፥ ቀስ ብሎም ይውረድ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በሐምሌ 2011 ኮፐንሃገን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ወርዶባት ተጥለቀለቀች። ከዚያ በኋላ ካደረገቻቸው ነገሮች አንዱ ሳንክት ክየልስ ፕላስ የሚባለውን ሰፊ የአስፋልት አደባባይ ማጥበብ ነበረ። በ2019 ሥራው ሲያልቅ መኪናው ማለፉን ሳያቋርጥ፥ ትርፍ የነበረው አስፋልት ተነሥቶ ዝቅ ያለ የአትክልት ስፍራ ሆነ፤ ከአምስት መቶ የሚበልጡ ዛፎችም ተተከሉ። ዝናብ ሲመጣ ውሃው መጀመሪያ የሚወርደው ወደዚያ ነው። ኩዋላ ሉምፑር ደግሞ በ2007 የመኪና መንገድና የጎርፍ መውረጃ በአንድነት የያዘ 9.7 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ዋሻ ከፍታለች፤ ከባድ ጎርፍ ሲመጣ መኪኖች ወጥተው ዋሻው በሙሉ ለውሃ ይለቀቃል። ይህ የሁለተኛው ለእኛ ኪስ የሚሆን አይደለም። የመጀመሪያው ግን አካፋ፥ አፈርና ችግኝ ነው። በየአደባባዮቻችን መካከል ያለው አትክልት ከመንገዱ ከፍ ብሎ በሲሚንቶ ጠርዝ ይታጠራል፤ ስለዚህ የመንገዱ ውሃ ሊገባበት አይችልም። ያንኑ አትክልት ከመንገዱ ዝቅ አድርጎ ጠርዙን በየስፍራው መክፈት ምን ያህል ያስወጣል?

ሦስተኛ፥ ሰው ይቈጠር። የሚያልፈው መኪና ስንት ነው ከማለት ይልቅ የሚያልፈው ሰው ስንት ነው ይባል፤ በእግሩ የሚሄደውም ከዚያው ውስጥ ይግባ። የታክሲና የአውቶቡስ መቆሚያም ከመስቀለኛው መንገድ አፍ ወጣ ብሎ፥ ነገር ግን ሰው ሊሄድበት በሚችል ርቀት፥ ከዝናብና ከፀሐይ መጠለያ ጋር ይሠራ። መጠለያ የሌለውን መቆሚያ ሰው አይጠብቅበትም፤ ሰው ያልጠበቀበትን ታክሲ አይቆምበትም።

አራተኛ፥ ለጥገና ሰውና ገንዘብ ይመደብ። ቱቦ የሚጠረገው ጎርፉ ከመጣ በኋላ ሳይሆን በሚያዝያና በግንቦት ነው፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» ይባል የለምን? የብረት ክዳን በስርቆት የሚነሣ ከሆነ ለሌባ የማይጠቅም የሲሚንቶ ክዳን ይሠራ። ክዳን የሌለው ጉድጓድ በጎርፍ ጊዜ ከውሃው ሥር የማይታይ ወጥመድ ነው። በየመስቀለኛው መንገድ ላይ ቱቦውን የማስጠረግ ኀላፊነት የማን እንደሆነ ሕዝብ ይወቅ፤ ባለቤት የሌለው ሥራ የሚታወሰው በመከራ ቀን ብቻ ነውና።

አምስተኛ፥ ፕላኑ ለሕዝብ ይታይ። መንገዱ ከሚያልፍበት ሠፈር ብቻ ሳይሆን ውሃው ከሚወርድበት ሠፈርም ሰው ተጠርቶ ይጠየቅ። የትኛው ቦይ በየትኛው ወር እንደሚሞላ ከነዋሪው የተሻለ የሚያውቅ ባለሙያ የለም።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ሌላው ምን ያድርግ የሚል ነው። እኛስ? በአምስት ኪሎ የቴክኖሎጂ ተማሪዎች የውሃ ፍሰት ሒሳብ በሰሌዳ ላይ ይሠራሉ፤ ከግቢያቸው በር ውጭ ግን ማንም ያልለካው ቱቦ አለ። የጂኦግራፊ ተማሪዎች የሩቅ አገር ወንዞችን ተፋሰስ በካርታ ይሥላሉ፤ የግንፍሌን ተፋሰስ ከመካከላችን ስንቱ ያውቀዋል? የሕግ ተማሪዎች ስለ ካሣ ይከራከራሉ፤ ከላይ በተሠራ መንገድ ምክንያት ከታች ቤቱ የተጥለቀለቀበት ሰው ማንን ሊከስ እንደሚችል ግን የጻፈ አላየንም። መምህሮቻችን ከዚህ ጋር በትሕትና የምናቀርብላቸው ልመና አለን። ለአንድ ሴሚስተር የመስክ ሥራ ተብሎ ከስድስት ኪሎ እስከ አራት ኪሎ ያለው መንገድ ይሰጠን። በየመስቀለኛው መንገድ ጠዋትና ማታ ቆመን ሰውና መኪና እንቍጠር፤ የየቱቦውን ወርድ፥ የደለሉን ከፍታና መጨረሻውን እንመዝግብ። ለዚህ ሥራ ሜትር፥ ደብተር፥ እርሳስና የዝናብ ካፖርት ይበቃሉ። ከተገኘው ውጤት አንዱ ቅጂ ለከተማው አስተዳደር ይላክ፤ ሌላው በዚህ ጋዜጣ ይውጣ።

ማኅበራችን ለዚህ ሥራ ፈቃደኞችን ቢመዘግብ ከሁሉም ፋኩልቲ ሰው እንደሚመጣ አንጠራጠርም። ቈጠራው በበጋ ይጀመር፤ ምክንያቱም በደረቅ ወራት ወደ ቱቦው ወርዶ መለካት ይቻላል። ሰኔ ሲገባ ደግሞ የለካነው ትክክል መሆን አለመሆኑን ዝናቡ ራሱ ይፈትነዋል። ከዚያ በኋላ ስለ አንድ መስቀለኛ መንገድ «ተሻሽሏል» ወይም «አልተሻሻለም» ብለን ስንናገር ወሬ ሳይሆን ቍጥር ይዘን እንቆማለን፤ በግንፍሌ ዳር የሚኖረውም ሰው ስለ ቱቦው መጨረሻ ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ በእጁ ይኖረዋል።